በሰሜን ተራሮች የካምፕ ማብሰያ ጋዝ፦ ቅዝቃዜ፣ ከፍታና የተዘጋ ድንኳን

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚጓዝ ቡድን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ይደርሳል፤ ከዚያም በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ ካምፖች ያድራል። ከድንኳንና ከስንቅ ጋር የጋዝ ሲሊንደር፣ የግፊት መቆጣጠሪያ (ሬጉሌተር)፣ ቱቦና ምድጃ ሲጫኑ፣ በአውሮፓ ካራቫን ውስጥ ተገጥሞ የሚገኘው ሥርዓት ተበታትኖ በመኪናና በበቅሎ ይጓዛል ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ካራቫኑ ሲሠራ መሐንዲስ አስቦ የጨረሰውን ጥንቃቄ በካምፑ ወጥ ሠሪው በየምሽቱ እንደ አዲስ መሥራት ያለበት መሆኑ ነው።

ጋዝን ትቶ ወደ እንጨት መመለስ መፍትሔ አይሆንም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ ከ1996 እስከ 2017 ድረስ በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ የቆየ ነው፤ በዝግታ የሚያድገው አስታም ለማገዶ የሚተርፍ አይደለም።

የማብሰያ ጋዝ በዋናነት የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ሲሆን፣ በሲሊንደሩ ውስጥ በግፊት ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል። በባሕር ጠለል ግፊት የፕሮፔን ነጥበ ፍሌት ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የቡቴን ደግሞ ከዜሮ በታች 0.5 ዲግሪ ነው። በደረቁ ወቅት የጨነቅ ሌሊት ከዜሮ በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ ቡቴን የበዛበት ሲሊንደር ጨርሶ አይሠራም ብሎ መደምደም ይቀላል። ይሁን እንጂ ከፍታው ራሱ በከፊል ያግዛል። ከ3,600 ሜትር በላይ ባለው በዚህ ካምፕ የአየር ግፊት 65 ኪሎፓስካል ገደማ፣ ማለትም የባሕር ጠለሉ ሁለት ሦስተኛ ያህል በመሆኑ፣ የቡቴን ነጥበ ፍሌት በስሌት ከዜሮ በታች ወደ 12 ዲግሪ ዝቅ ይላል።

ችግሩ የሚመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ፈሳሹ ሲተን ሙቀት የሚወስደው ከራሱና ከሲሊንደሩ ብረት ስለሆነ፣ ምድጃው በነደደ ቁጥር ሲሊንደሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። በጨነቅ ውኃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ ምስሩም ሥጋውም ለመብሰል ከጎንደር ይልቅ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ እሳቱም ያን ያህል ይቆያል። በተጨማሪም ከድብልቁ ቀድሞ የሚተነው ፕሮፔን ስለሆነ በጉዞው መጨረሻ በሲሊንደሩ የሚቀረው በአብዛኛው ቡቴን ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ሳንቃበር ላይ ደኅና የነደደ ሲሊንደር ከሦስት ቀን በኋላ አመዳይ ለብሶ የሚደክመው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ጊዜ ሲሊንደሩን ወደ እሳት ማስጠጋት ወይም በፈላ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ያጓጓል። ይህ ከስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ግፊቱ በፍጥነት ስለሚጨምር የደኅንነት ቫልቩ ተከፍቶ ጋዙን በእሳት ላይ ሊለቅ ይችላል። ሰፋ ያለ ሲሊንደር መያዝ ወይም ሁለት ሲሊንደሮችን እያፈራረቁ መጠቀም፣ ከቀዝቃዛው መሬት በሳንቃ ከፍ ማድረግና ዋናውን ምግብ ፀሐይ ሳትጠልቅ መሥራት ይበቃል።

አንድ ሊትር ፈሳሽ ሲተን ወደ 250 ሊትር ጋዝ ይሆናል። ስለዚህ ሲሊንደር በመኪና ላይ ቀጥ ብሎ ታስሮ መጓዝ አለበት፤ ከተጋደመ ከጋዙ ይልቅ ፈሳሹ ወደ ቫልቩ ይደርሳል። በበቅሎ ሲጫን መጋደሙ የማይቀር ከሆነ ሬጉሌተሩ ተነቅሎ፣ ቫልቩ ተዘግቶና ክዳኑ ገብቶ መሆን ይኖርበታል፤ ከወረደም በኋላ ቆሞ ጥቂት ሳይቆይ አይገጠምም። የሬጉሌተሩ ትንሽ የአየር ቀዳዳ በጭቃ ወይም በበረዶ ከተደፈነ መሣሪያው የውጭውን ግፊት በትክክል መለካት ያቅተዋል። የፀሐይ ጨረር በበረታበት በዚህ ከፍታ የጎማ ቱቦ ቶሎ ይደርቃል፤ አጠፍ አድርጎ ስንጥቅ መፈለግና መገጣጠሚያዎችን በሳሙና አረፋ መፈተሽ የየጉዞው ሥራ ነው። ክብሪት ለኩሶ መፈተሽ በቀልድ እንኳ መነሣት የለበትም።

ፕሮፔን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል፣ ቡቴን ደግሞ ሁለት ጊዜ ያህል ይከብዳል። የካራቫን የሲሊንደር ሣጥን ከመኖሪያው ክፍል ተለይቶ ከወለሉ ላይ ቀዳዳ የሚበጅለት አፈትልኮ የወጣ ጋዝ ወደ ታች እንዲፈስ ነው። በካምፕ ተመሳሳዩ ጥንቃቄ ሲሊንደሩን ከድንኳኑ ውጭ፣ በተዳፋቱ ዝቅተኛ ጎን ማስቀመጥ ነው።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ግን የሚሸተው ጋዝ ሳይሆን የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ለቆላ አየር የተሠራ ምድጃ በደጋ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል፤ በአሜሪካ የቆየ ደንብ ከ600 ሜትር በላይ ለሚተከል የጋዝ መሣሪያ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ኃይሉ በ4 በመቶ እንዲቀነስ ያደረገው ይህንኑ በማሰብ ነው። ነበልባሉ ሰማያዊነቱን ትቶ ቢጫ ከሆነ ወይም ድስቱ ጥላሸት ከያዘ ቃጠሎው ጎድሏል ማለት ነው። ምድጃውን ሁሉ የሚሸፍን ትልቅ ድስትም ነበልባሉን አቀዝቅዞ ተመሳሳይ ውጤት ያመጣል። ለሙቀት ተብሎ የድንኳኑ በር ሲዘጋ፣ ወይም ምድጃውን ለኩሶ በማብሰያው ድንኳን ሲታደር፣ ጋዙ ይጠራቀማል። ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ አስቀድሞ ኦክስጅን ባነሰው ደም ላይ ሌላ ጉድለት ይጨመራል።

የዚህ መመረዝ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና ድካም ናቸው፤ የከፍታ ሕመም ምልክቶችም እነዚሁ ናቸው። በዚህም የተነሣ በጨነቅ የታመመ ሰው «ከፍታው ነው» ተብሎ እዚያው ድንኳን ውስጥ ተሸፋፍኖ እንዲተኛ ሊደረግ ይችላል። በጣት ላይ የሚደረገው ተራ የኦክስጅን መለኪያም አይረዳም፤ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንደያዘ አድርጎ ስለሚቆጥር የተመረዘውን ሰው ጤነኛ ያስመስለዋል። ከቁጥሩ ይልቅ ጥያቄ ይሻላል፦ በአንድ ድንኳን ያደሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ታመዋል? ምድጃ ነድዶ ነበር? ሕመሙ ንጹሕ አየር ላይ ሲወጣ ይቀንሳል? መልሱ ግልጽ ባይሆን እንኳ ምድጃውን አጥፍቶ ሰውየውን ወዲያው ወደ ውጭ ማውጣት፣ ቀጥሎም ኦክስጅን ወደሚገኝበት ሕክምና ዝቅ ወዳለው ስፍራ ማውረድ ለሁለቱም ሕመሞች ይሠራል።