ባዶ ፍላሽ ትልቅ ፋይል አልቀበልም የሚለው ለምንድን ነው?

የንግድ ቤት ሒሳብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ከተዛወረ ወዲህ፥ በየሳምንቱ መጨረሻ የሒሳቡን ግልባጭ በፍላሽ ቀድቶ በካዝና ማኖር የብዙ ነጋዴዎች ልማድ ሆኗል። ልማዱም መልካም ነው። ነገር ግን ለዓመታት ያለ እንከን የኖረው ይህ አሠራር አንድ ቀን ድንገት ይሰናከላል። 32 ጊጋባይት የሚይዝ፥ ከግማሹ በላይ ባዶ የሆነ ፍላሽ፥ 5 ጊጋባይት የደረሰውን የሒሳብ ፋይል እጅግ ትልቅ ነው ብሎ ይመልሰዋል። ባለቤቱ ዕቃው የተበላሸ መስሎት ሌላ ይገዛል፤ አዲሱም እንደ ፊተኛው እምቢ ይላል።

የጐደለው ቦታ አይደለም፤ ችግሩ ያለው በመዝገቡ አምድ ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ በፍላሹ ላይ ፋይል ባስቀመጠ ቍጥር፥ እንደ መጋዘን ጠባቂ፥ የፋይሉን ስም፥ ቀኑንና መጠኑን እዚያው ፍላሹ ላይ ይመዘግባል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. ከዊንዶውስ 95 ጋር የወጣው ፋት 32 የተባለው የአመዘጋገብ ሥርዐት ለመጠን የመደበው አምድ 32 ቢት ብቻ ነው። በዚህ አምድ ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቍጥር 4,294,967,295 ነው፤ ይኸውም ከ4 ጊጋባይት አንዲት ባይት የጐደላት ማለት ነው። ስድስት አሐዝ ብቻ በሚችል የሒሳብ አምድ አንድ ሚሊዮን ብር አይጻፍም፤ ካዝናው ገንዘቡን ሊይዝ ቢችልም መዝገቡ አይችልም።

ሥርዐቱን ያወጡትን ሰዎች መውቀስ አይገባም፤ በዚያ ዘመን የአንድ ኮምፒዩተር ዲስክ በሙሉ ብዙውን ጊዜ 4 ጊጋባይት አይሞላም ነበር። ሥርዐቱ እስከ ዛሬ የኖረውም ቴሌቪዥኑም፥ ካሜራውም፥ አሮጌው ኮምፒዩተርም ስለሚያነበው ነው።

በግልጽ የሚነገር እምቢታ ጕዳቱ ትንሽ ነው። የሚያስፈራው ሌሊት በራሱ እንዲቀዳ የተዘጋጀው ግልባጭ ነው። ፋይሉ ከልኩ ሲያልፍ ሥራው ይቋረጣል፤ የማስጠንቀቂያውን ቃል የሚያነብ ሰው ከሌለ፥ ባለቤቱ በየሳምንቱ በካዝና የሚቈልፈው ከወራት በፊት የተቀዳውን ሒሳብ ይሆናል። ይህንም የሚያውቀው ኮምፒዩተሩ በተሰረቀ ዕለት፥ አለዚያም የግብር መርማሪ ሰነድ በጠየቀ ዕለት ነው።

መፍትሔው ቀላልና ወጪ የሌለው ነው። ፍላሹን በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣው ኤክስፋት በተባለው ሥርዐት እንደገና ፎርማት ማድረግ ነው፤ ይህን የዊንዶውስም የአፕልም ኮምፒዩተሮች ያነቡታል። በዊንዶውስ ብቻ ለሚሠራ ሰው ኤን ቲ ኤፍ ኤስም ይበቃዋል። ፎርማት ማድረግ በፍላሹ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ፥ አስቀድሞ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ግድ ነው።

ትልልቅ ሃርድ ዲስክ የሚያስመጡና የሚሸጡ ደግሞ ሌላ ወሰን ይጠብቃቸዋል። ኤም ቢ አር በተባለው አሮጌ የአከፋፈል ሥርዐት የተዘጋጀ ዲስክ፥ ባለ 512 ባይት ክፍሎቹን በ32 ቢት ስለሚቈጥር፥ ከ2.2 ትሪሊዮን ባይት ገደማ ወዲያ ያለው ቦታ አይገኝለትም። በዚህ አኳኋን 4 ቴራባይት ብሎ የገዛ ሰው ግማሹን ያህል አጥቶ ተታለልሁ ብሎ ቢመለስ አይፈረድበትም። ዲስኩን ጂ ፒ ቲ በተባለው ሥርዐት አዘጋጅቶ ማስረከብ ሻጩን ከዚህ ክርክር ያድነዋል።

ግልባጩ በእርግጥ መቀዳቱን ለማወቅ በወር አንድ ጊዜ ፍላሹን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ፥ ፋይሉን ከፍቶ፥ የመጨረሻው ሽያጭ የተመዘገበበትን ቀን ማየት ይበቃል።