ሕሙም ጥየቃና ሕፃናት
ሕሙምን መጠየቅ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ከሲ.ኤም.ሲ. ሰፈር ወደ ሆስፒታል ለጥየቃ የሚሄድ ወላጅ ሕፃን ልጁን ይዞ እንዳይሄድ እንመክራለን። በሆስፒታል መድኃኒት የተላመዱ ተሐዋስያን ይገኛሉና፤ የሕፃን ሰውነትም በሽታን የመከላከል ኃይሉ ገና አልጠነከረም።

በ2015 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና የአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተካፈለበት የ7 አገሮች ጥናት፣ የአራስ ሕፃናትን ደም ከሚመርዙት ተሐዋስያን ክሌብሲየላ የተባለው ቀዳሚ መሆኑን፣ ብዙዎቹም አምፒሲሊንንና ጄንታማይሲንን የሚቋቋሙ መሆናቸውን ገልጧል። ከመተላለፊያቸው ዋነኛው ያልታጠበ እጅ ነው።

ስለዚህ ጠያቂው ወደ ቤቱ ተመልሶ ሕፃኑን ከማቀፉ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝም አንቲባዮቲክ አይግዛ። ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ለቤተ ሰቦቻቸው ቢያስረዱ ትልቅ አገልግሎት ነው።