«ሲስተም የለም» ሲባል ምን ማለት ነው? መሥሪያ ቤቶቻችን ለቴክኖሎጂ መዘጋጀታቸውን የምንለይባቸው አምስት ጥያቄዎች

ባለፈው ክረምት እናቴን ይዤ ደሴ ውስጥ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ከፊታችን የተሰለፉት አባት ከተንታ መጥተው ዘመድ ቤት ያደሩ ናቸው። ተራቸው ሲደርስ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ «አባባ፣ ሲስተም የለም፤ ነገ ይመለሱ» አለቻቸው። «ሲስተም ማን ነው ልጄ? የት ሄዶ ነው?» ሲሏት ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ለእሳቸው ግን ቀልድ አልነበረም። ነገ ማለት ሌላ አዳርና ሌላ ወጪ ነው።

ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ መሥሪያ ቤቱ ግን ለኮምፒውተሩ አልተዘጋጀም። ዕቃ መግዛትና መዘጋጀት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ የአንድን ቴክኖሎጂ ዝግጁነት የሚለካው በ9 ደረጃዎች ነው። አንደኛው ደረጃ ላይ ያለው ሐሳቡ ብቻ ነው። መካከለኞቹ ደረጃዎች ናሙናው መጀመሪያ በቤተ ሙከራ፣ ቀጥሎም እውነተኛውን ሁኔታ በሚመስል ቦታ የሚፈተንባቸው ናቸው። ዘጠነኛው ደረጃ የሚሰጠው በትክክለኛው ሥራ ላይ ውሎ ላለፈ ብቻ ነው። ከዚህ የምንወስደው ቁም ነገር አንድ ነው፦ አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ ሲሠራ የታየ ነገር ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም።

አገራችን «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስትራቴጂ ያጸደቀችው በ2012 ዓ.ም. ነው። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ተከተለ። በ2017 ደግሞ «መሶብ» የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። አቅጣጫው መልካም ነው። ነገር ግን ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪ የሚከተሉት አምስት ጥያቄዎች መልስ ይሻሉ።

1. መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው ይቀጥላል?

በ2015 ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚህ ለእኛ የኔትወርክ መጥፋት አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ሳይሆን አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ፋይዳ የተገነባበት ሞሲፕ የተባለው ሥርዓት ምዝገባን ያለ ኔትወርክ አከናውኖ መረጃውን ቆልፎ በማስቀመጥ፣ መስመሩ ሲመለስ የሚልክበት አሠራር አለው። የአንድን ሰው ማንነት ከማዕከሉ ጋር አመሳክሮ ለማረጋገጥ ግን መስመር ያስፈልጋል። የተዘጋጀ መሥሪያ ቤት ጄኔሬተር ወይም የሶላር ባትሪ፣ እንዲሁም ሲስተሙ ሲቋረጥ የሚሞላ የወረቀት ቅጽ ይኖረዋል። ያ ቅጽ ቢኖር ኖሮ የተንታው አባት ጉዳያቸውን አስመዝግበው ይመለሱ ነበር።

2. መዝገቡ ሌላ ቦታ ቅጂ አለው?

በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተያዙ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻም በዚያው ሁኔታ ቆዩ። የደሴ ሆስፒታልና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዘረፉ። የጠፋ ኮምፒውተር በገንዘብ ይተካል። የጠፋ የልደት፣ የጋብቻ ወይም የቤት ይዞታ ማስረጃ ግን ሰውን ፍርድ ቤት ያመላልሳል፤ የወራሾችንም ሐቅ ለክርክር ይዳርጋል። ወረቀቱም፣ ኮምፒውተሩም፣ የኮምፒውተሩ ቅጂም አንድ ክፍል ውስጥ ከሆኑ ሦስቱም አብረው ይጠፋሉ። ቅጂው ሌላ ከተማ መቀመጥ አለበት። በየጊዜውም ተከፍቶ መሥራቱ መታየት አለበት።

3. ሠራተኛው ሠልጥኗል?

የእርሻና የግንበኝነት ሥራ የጣት አሻራን ያደበዝዛል። ያልሠለጠነ መዝጋቢ «አሻራዎ አይነበብም» ብሎ ይመልሳል። የሠለጠነው ግን ፋይዳ የዓይን ብሌንና የፊት ምስልም እንደሚወስድ ስለሚያውቅ አማራጩን ይጠቀማል። የእኅቶቻችን ጉዳይም እንዲሁ ነው። ዓለም አቀፉ የፓስፖርት ፎቶ መስፈርት ፊት ከአገጭ እስከ ግንባር በግልጽ እስከታየ ድረስ በሃይማኖት ምክንያት የሚደረግን የራስ መሸፈኛ ይፈቅዳል። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ አንዲትን እኅት ያለ አግባብ ሒጃብሽን አውልቂ ሊላት ይችላል። ጥገናም የሥልጠናው አካል ነው። ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እያለን የተበላሸ ማሽን ከአዲስ አበባ ባለሙያ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም።

4. አደጋ ሲደርስ ጥሪው ቦታው ይደርሳል?

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ ደግሞ 991 ነው። ነገር ግን ደውለን ምን እንላለን? «ከሸዋበር መስጂድ ወረድ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ነው የምንለው። የጥሪ ማዕከል ካርታ እነዚህን የሰፈር ስሞች ካልያዘ ዘመናዊ ስክሪን ብቻውን እሳት አያጠፋም። ደሴ ዳገትና ጠባብ መንገድ የበዛባት ከተማ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ፋብሪካዎች፣ የኢንዱስትሪ ፓርክና ደረቅ ወደብ አሏት። ሁለቱን የሚያገናኘው የሀረጎ መንገድ በከባድ መኪና ወይም በናዳ ቢዘጋ ከአንዱ ከተማ ለሌላው እርዳታ በቶሎ አይደርስም። ስለዚህ የሁለቱ ከተሞች ፖሊስ፣ እሳት አደጋና ጤና ተቋማት በአንድ መስመር የሚነጋገሩበት ሬዲዮ ሊኖራቸው ይገባል። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜም አብረው ልምምድ ቢያደርጉ ጉድለታቸውን ከአደጋው በፊት ያውቁታል።

5. መረጃችን በማን እጅ ነው?

አሻራ አማና ነው። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ጣት ግን አይቀየርም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃችንን የሚሰበስብ አካል ለምን እንደሚሰበስብ እንዲያሳውቅና እንዲጠብቀው ያስገድደዋል። የፋይዳ ምዝገባ ሃይማኖትንም ብሔርንም አይጠይቅም። ስለዚህ በፋይዳ ስም ይህን የሚጠይቃችሁ ካለ «ለምን?» ብላችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ። በተዘጋጀ መሥሪያ ቤት መዝገቡን ማን እንደከፈተና መቼ እንደከፈተ ይመዘገባል። አንድን የይለፍ ቃል አምስት ሠራተኛ የሚጋራበት ቤት ግን አጥፊው አይታወቅም።

እኛስ ምን እናድርግ?

የፋይዳ ቁጥራችንንና ዋና ዋና ማስረጃዎቻችንን ቅጂ አንሥተን ሌላ ከተማ ያለ የምናምነው ዘመድ ጋ እናስቀምጥ። በቀበሌ ስብሰባ ስንገኝ «ስንት ኮምፒውተር ተገዛ?» ከማለት ይልቅ «ሲስተሙ ሲቋረጥ ጉዳያችን እንዴት ይስተናገዳል? ቅጂውስ የት ነው?» ብለን እንጠይቅ። የመስጂድ ኮሚቴዎችና የእድር ሹማምንትም የሰፈሩን መንገድና የውሃ ነጥብ ለእሳት አደጋና ለአምቡላንስ ሠራተኞች ማሳየት ይችላሉ፤ ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም።

የተንታው አባት በማግስቱ ተመልሰው ይምጡ አይምጡ አላየሁም። ዝግጁ መሥሪያ ቤት ማለት ግን እንደ እሳቸው ያለውን ሰው መብራት በጠፋበት ቀንም አስተናግዶ የሚሸኝ ነው።