ዲያቆንያና ዲግሪ፦ የሶሻል ወርክ ትምህርት ለአጥቢያ አገልግሎት ያለው ፋይዳ

ከምእመናንዎ አንዱ ወጣት የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ይዞ መጥቶ፣ «ፓስተር፣ ሶሻል ወርክ ልማር ወይስ ነገረ መለኮት?» ቢልዎ ምን ይመልሱለታል? ብዙዎቻችን ጥያቄውን «ዓለማዊውን ልምረጥ ወይስ መንፈሳዊውን?» እንዳለ አድርገን እንሰማዋለን። ለመመለስ ግን ሙያው ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንደሚያስተምርና ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ምን እንደሚሰጥ ማወቅ ይኖርብናል።

1. ሙያው ከየት መጣ?

ሶሻል ወርክ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የቆየ ዝምድና አለው። እ.ኤ.አ. በ1819 በግላስጎው የቅዱስ ዮሐንስ አጥቢያ ማገልገል የጀመረው ስኮትላንዳዊው ወንጌላዊ መጋቢ ቶማስ ቻልመርስ አጥቢያውን በትናንሽ ክፍሎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ዲያቆን መደበ። ዲያቆኑ የችግረኛውን ቤት ሄዶ ያያል፤ አስቀድሞ ከራሱ ከችግረኛው ጥረት፣ ከዘመድና ከጎረቤት የሚገኘውን ድጋፍ ይፈልጋል፤ የቤተ ክርስቲያኑን ገንዘብ የሚነካው በመጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 በለንደን የተጀመረው የበጎ አድራጎት ማደራጃ ማኅበር ይህን የቤት ለቤት ዘዴ ተከተለ። ከዚያ ልምድ ሙያዊ ትምህርት ተወለደ። ቻልመርስ ድህነትን ከግለሰቡ ጠባይ ጋር አብዝቶ ማያያዙ ድክመቱ ነበር። ሙያው እያደገ ሲሄድ ደመወዝን፣ መሬትን፣ በሽታንና ሕግንም መመርመር ተማረ።

በአገራችን የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ከአብዮቱ በኋላ ተዘግቶ ቆየና እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ እንደገና ተጀመረ። ዛሬ በአማራ ክልል የጎንደርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምሩታል።

ትምህርት ቤቱ ከመዘጋቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በዋና ጸሐፊነት ያገለግሏት የነበረችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ልካ ነበር። የደብዳቤው መልእክት ወንጌልን መስበክና የሰውን ኑሮ ማልማት ሊነጣጠሉ እንደማይገባ የሚያስረዳ ነው። «ሁለንተናዊ አገልግሎት» የምንለው አሳብ በአገራችን የቆየ መሠረት አለው።

2. ተማሪው ምን ይጠብቀዋል?

የመጀመሪያ ዲግሪው የፍሬሽማኑን ዓመት ጨምሮ በመደበኛው 4 ዓመት ይፈጃል። በአብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ የትምህርት ክፍል የሚመረጠው ከፍሬሽማን በኋላ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ተመራቂው የመውጫ ፈተናን ቢያንስ 50 በመቶ አምጥቶ ማለፍ አለበት። ስለዚህ ወጣቱን ባርከን ከሸኘነው በኋላ በአራቱም ዓመት በጸሎትም በኪስም ልናስበው ይገባል። «ስትመረቅ ድርጅት ይቀጥርሃል» የሚል ተስፋ ግን አንስጠው፤ ሥራ ፈላጊው ብዙ ነው።

ተማሪው ስለ ሰው ዕድገትና ባሕርይ፣ ከግለሰብ፣ ከቤተሰብ፣ ከቡድንና ከማኅበረሰብ ጋር ስለ መሥራት፣ ስለ ማኅበራዊ ፖሊሲ፣ ስለ ምርምርና ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ይማራል። የትምህርቱ ልብ የመስክ ልምምድ ነው፤ በባለሙያ ክትትል ሥር ሆኖ እውነተኛ ችግር ካለበት ሰው ጋር ይሠራል።

3. በአዲስ ቅዳም ሲሠራበት

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለችውን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ከተማ አዲስ ቅዳምን ለምሳሌ እንውሰድ። በአካባቢው ገበሬው ዲከረንስ ይተክላል፤ ዛፉ ሲደርስ ቆርጦ ከሰል ያከስላል፣ ይሸጣል። በቅርብ ዓመታት ግን በሽታ ዛፉን እየመታው ነው። እንግዲህ ዲከረንሱ የደረቀበት አንድ አባወራ እናስብ፦ ዕዳ አለበት፤ ራሱ ለቀን ሥራ ወደ ሌላ አገር ሄዷል፤ 15 ዓመት የሞላትን ልጁን ለመዳር ሽማግሌ ተልኳል። እናቲቱ እርስዎ ዘንድ መጥታ ታለቅሳለች።

እኛ ወዲያው የምናደርገው መጸለይና ገንዘብ ማዋጣት ነው። ሁለቱም መልካም ናቸው። ሶሻል ወርከሩ ግን በቅደም ተከተል ይሄዳል። አስቀድሞ ሳያቋርጥ ይሰማል። ልጅቱንም ለብቻዋ ያነጋግራል። ቀጥሎ በቤተሰቡ ዙሪያ ያለውን ይመዘግባል፦ ማን ይረዳል? ዕድሩ፣ አጎቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የግብርና ባለሙያው፣ የወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት። ከዚያ ከቤተሰቡ ጋር ዕቅድ ያወጣል፤ ከሚመለከታቸው ጋር ያገናኛል፤ ተመልሶም ይከታተላል። የጋብቻ ዝቅተኛው ዕድሜ በሕግ 18 ዓመት መሆኑን ያውቃል፤ አባትየው ልጁን ለመዳር የተጣደፈው ዕዳው አስጨንቆት ሊሆን እንደሚችልም ያስተውላል። ዕዳው መላ ካላገኘ ጋብቻው ዛሬ ቢቀር ነገ ይመለሳል።

ይህ ቅደም ተከተል ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በሉቃስ 10 ያለው ሳምራዊ ቁስሉን አሠረ፣ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደ፣ ከፈለ፣ ተመልሶ እንደሚመጣም ተናገረ። በሐዋርያት ሥራ 6 ደግሞ በዕለታዊው ምግብ የተዘነጉት መበለቶች ግሪክኛ ተናጋሪዎች ነበሩ፤ የተመረጡት ሰባት ሰዎችም የግሪክ ስም ያላቸው ናቸው። አዊ ውስጥ የሚያገለግል ሰው ይህን ልብ ይበል፦ በአዊኛ የምታለቅስን እናት በአማርኛ ብቻ የሚሰማት ሰው ግማሹን ሳይሰማ ይቀራል።

4. ሁለት ጥንቃቄዎች

አንደኛው ምስጢር ነው። ሙያው ያለ ባለጉዳዩ ፈቃድ ጉዳዩን አውጥቶ መናገርን ይከለክላል፤ ልዩ ሁኔታው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ወይም ሕፃን ሲጎዳ ነው። እኛ ጋ ግን ምስጢር «የጸሎት ርእስ» ተብሎ በቅን ልብ ይወጣል። አዲስ ቅዳምን በመሰለች ትንሽ ከተማ ስም ባይጠራም «አንዲት እኅታችን» ማለት ብቻ ማንነቷን ይገልጣል። የጸሎት ርእስ ከማንበብዎ በፊት ባለቤቱን ያስፈቅዱ።

ሁለተኛው እርዳታን ማጥመጃ ማድረግ ነው። በአዊ እኛ ጥቂቶች ነን፤ አብዛኛው ጎረቤታችን ኦርቶዶክስ ነው። እህል ከሰጠን በኋላ «እሑድ እንጠብቅሃለን» ብንል ጎረቤታችን ስጦታውን ዋጋ እንዳለው ዕቃ ይቆጥረዋል። የሙያው ደንብ ሁሉን ያለ ልዩነት ማገልገልንና የሰውን የመወሰን መብት ማክበርን ያዝዛል። አንዳንድ አገልጋዮች ይህ አፍን መዝጋት ይመስላቸዋል። ነገር ግን ጌታችን በሉቃስ 17 አሥሩን ለምጻሞች ሲያነጻ ሊያመሰግን የተመለሰው አንድ ብቻ ነበር፤ የዘጠኙን ፈውስ ግን አልነሣቸውም። ወንጌልን በግልጽ እንሰብካለን፤ ዳቦውን ግን በስብከቱ አናስከፍልም።

5. ታዲያ ለወጣቱ ምን እንበለው?

ዲግሪው ኃጢአትን አያስተሰርይም፤ የንስሐና የይቅርታ ቃል ከመድረኩ መጥፋት የለበትም። ነገረ መለኮትም በበኩሉ የወረዳውን ቢሮ አሠራርና የተጎዳ ልጅን ማነጋገር በራሱ አያስተምርም። ስለዚህ ወጣቱን «የትኛው ይበልጣል?» ከማለት ይልቅ ስጦታውን ይመርምሩለት፦ ታግሦ ይሰማል? ምስጢር ይጠብቃል? የማይመስለውን ሰው ያከብራል? እነዚህ ካሉት በእጅ መጫንና በጸሎት ይላኩት፤ ለነገረ መለኮት ተማሪ የሚሰጡትን ክብር አይንፈጉት።

ሲመለስ ደግሞ ሥራ ይኑረው። የአጥቢያው የምሕረት አገልግሎት ኮሚቴ ካለ ያሠልጥነው፤ ከሌለ ያቋቁመው። እርስዎም እስከዚያው አንድ ነገር መጀመር ይችላሉ፦ በአጥቢያዎ ዙሪያ ያሉትን ዕድሮች፣ ጤና ጣቢያዎች፣ ትምህርት ቤቶችና የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ከኃላፊዎቻቸው ስልክ ጋር በአንድ ወረቀት ይጻፉ። ያቺ እናት ስትመጣ ከጸሎት በኋላ የት እንደሚወስዷት ያውቃሉ።