ኮምፒውተሩ ባክአፕ ላይ ሲጠፋ

የጀመዓችን ኮምፒውተር የደርስ ቅጂዎችን ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ስንገለብጥ መሃል ላይ ድርግም ብሎ ይጠፋ ነበር። ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ጀመርን፤ ስህተታችንም ይኸው ነበር። ባክአፕ ለወራት ያልተከፈተውን ፋይል ሁሉ ስለሚያስነብብ የተበላሸው የዲስኩ ክፍል የሚጋለጠው ያኔ ነው። ዲስኩ እየሞተ ከሆነ እያንዳንዱ ሙከራ ይጎዳዋል።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ የማይገኘውን ብቻ በትንሽ በትንሹ ገልብጡ። የታወቁ ኪታቦች እንደገና ከኢንተርኔት ይወርዳሉ፤ ዑስታዛችን እዚህ ሐይቅ ዳር ያስቀሩት ደርስ ግን ከየት ይወርዳል? ቼክ ዲስክም ዲስኩን ስለሚያለፋ ከዚያ በኋላ ይሁን።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የዲስክ አይደለም። ኮምፒውተሩ ሲግል የሚጠፋ ከሆነ የማራገቢያውን አቧራ ጥረጉ። ኤክስተርናሉ ሲሰካ ብቻ ከሆነ ኃይል አንሶት ይሆናል፤ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነውና በአጭር ገመድ ከኋላ ሰክታችሁ ሞክሩ።

የእኛው ዲስክ ነበር። የረመዷኑ ተፍሲር ድኗል፣ አልሐምዱሊላህ። ሁለት የነሕው ደርሶች ግን አልተነበቡም፤ በስልካችሁ የቀዳችሁ ካላችሁ ወደ ጀመዓው ቢሮ አምጡልን።