ሕመሙን ለበሽተኛው ብናሳየው

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

በሳሪስ አቦ አካባቢ የምትኖር አንዲት ጎረቤቴ የ11 ዓመት ልጅ አላት። ልጁ ከሁለት ዓመት በፊት ሲጫወት ትንፋሽ እያጠረው ቢያስቸግር ወደ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙም መርምሮ «የልቡ በሮች በሩማቲክ ሕመም ተጎድተዋል፤ በየወሩ ሳያቋርጥ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋ» ሲል አዘዘ። እናትየው ትእዛዙን ለሰባት ወር ፈጸመች። ከዚያ በኋላ ግን ልጁ ኳስ ሲያባርር ብታየው «ድኗል፤ ስለ ምን በመርፌ አሠቃየዋለሁ?» ብላ ተወችው። ዛሬ ልጁ ደረጃ መውጣት ተስኖታል፤ እግሩም ያብጣል።

ይህችን እናት በስንፍና የሚወቅስ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። የሐኪሙን ቃል ሰምታለች፤ ነገር ግን የነገራት ነገር አልታያትም። በሽታው የሚጀምረው ስትሬፕቶኮከስ በሚባለው ተሕዋስ ምክንያት ከሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ነው። የጉሮሮው ሕመም በጊዜው ካልታከመ፣ ሰውነት ተሕዋሱን ለመከላከል ያስነሣው ኃይል ተመልሶ የገዛ ልቡን ይጎዳል። ወርኃዊው መርፌም የሚሰጠው ያለፈውን ለመጠገን ሳይሆን ሕመሙ እንደገና ተነሥቶ በሮቹን ይበልጥ እንዳያበላሽ ነው። እንግዲህ ሮጦ የሚጫወት ልጅ የምታይ እናት ይህን በሁለት ደቂቃ ንግግር እንዴት ትረዳው? ብዙዎቻችንስ ልጃችን ጉሮሮውን ሲያመው ሐኪም ዘንድ በመሄድ ፈንታ እንጥሉን ልናስቆርጥ እንሮጥ የለም?

በሠለጠነው ዓለም ለዚህ ችግር ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚባል መሣሪያ እየረዳ ነው። ይኸውም እንደ መነጽር በዓይን ላይ የሚታሰር ሲሆን፣ ለየዓይኑ ጥቂት የተለያየ ሥዕል ስለሚያሳይ ተመልካቹ በነገሩ ውስጥ የቆመ ያህል ይሰማዋል፤ ራሱን ባዞረ ቁጥርም በዞረበት በኩል ያለውን ያያል። በአሜሪካ የስታንፎርድ የሕፃናት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወለዱ የልብ ጉድለት ያለባቸውን ሕፃናት ወላጆች በዚሁ መሣሪያ ወደ ልብ ውስጥ እያስገባ ጉድለቱንና ጥገናውን ማሳየት ጀምሯል። ጎረቤቴ በሩ በደንብ ሳይዘጋ ደሙ ወደ ኋላ ሲመለስ በዓይኗ ብታይ ኖሮ፣ መርፌውን የምታቋርጥ አይመስለኝም።

ጥቅሙ በማስተማር ብቻ አያበቃም። በሲያትል የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በእሳት የተቃጠሉ በሽተኞች ቁስላቸው ሲታጠብ በመነጽሩ በበረዶ አገር ውስጥ እየተዘዋወሩ የበረዶ ኳስ እንዲወረውሩ በማድረግ፣ የሥቃይ ስሜታቸው እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በእኛም አገር የካቲት 12 ሆስፒታል የተቃጠሉ ሰዎች የሚታከሙበት ክፍል ስላለው፣ ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም።

አንዳንዱ አንባቢ «መድኃኒት ሳይሟላ መነጽር ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መነጽሩ መድኃኒትንም ሐኪምንም አይተካም፤ አንዳንዱን ሰው ያዞረዋል፤ ከፊት ወደ ፊት የሚዛወር ስለሆነም በየጊዜው በደንብ መጽዳት አለበት። ነገር ግን የተሰጠው መድኃኒት ባለመታወቁ ምክንያት ሲቋረጥ፣ የጠፋው ገንዘብም የጠፋው ልብም የእኛው ነው። በጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ በመሠረቱት ማኅበር የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ተራ በሚጠብቁ ልጆች የተጨናነቀ መሆኑን የማያውቅ የለም። ከእነዚህም ብዙዎቹ በመርፌና በምክር ሊጠበቁ ይችሉ የነበሩ ናቸው።

ስለዚህ የማሳስበው ይህን ነው። አንደኛ፣ ጤና ጣቢያዎቻችን መነጽሩ እስኪመጣ ሳይጠብቁ፣ የልብን አሠራር የሚያሳይ አጭር ተንቀሳቃሽ ሥዕል በተራ መጠበቂያው ቴሌቪዥንና በነርሷ ስልክ ላይ ያሳዩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት በሥዕል እያስተማሩ ያስገኙት ውጤት ለዚህ ምስክር ነው። ሁለተኛ፣ በክፍለ ከተማችን እንዳለው እንደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ባሉ ሆስፒታሎች አንድ ሁለት መነጽር ለሙከራ ቢገባ መልካም ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ የሚታየው ነገር የተሠራው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን ይሁን፤ በባዕድ ቋንቋ የሚናገር መነጽር ከጥድፊያው ንግግር የተሻለ ጥቅም አይሰጥም። በመጨረሻም እናትየዋ ያየችውን በራሷ አነጋገር መልሳ ትንገረን። ያን ጊዜ መረዳቷን እናውቃለን።

የጎረቤቴ ልጅ መርፌውን እንደገና ጀምሯል፤ ሐኪሞቹም ስለ ቀዶ ሕክምና እየተነጋገሩ ነው። እናትየውም ትናንት ማታ በሬ ላይ ቆማ «ይህን ሁሉ ያን ጊዜ ማን አሳየኝ?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። የሚመለከታቸው ክፍሎች ይመልሱላት ዘንድ ጥያቄዋን በእርስዎ ጋዜጣ በኩል አቅርቤአለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከሳሪስ