ክፍት ኮድና የፕሮግራመር እንጀራ

ከቴዎድሮስ አደባባይ ሽቅብ እስከ ፒያሳ ኮምፒውተር የሚጠገንበት ሱቅ ሁሉ ለዓመታት ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ሲጭን ኖሯል። ስለዚህ ሌላው ዓለም ስለ ኦፕን ሶርስ (ክፍት ኮድ) ሲያወራ የሚያስቀድመው የፈቃድ ክፍያ መቅረት እኛ ዘንድ ብዙም ሚዛን አልደፋም። ለአገራችን ፕሮግራመር እንጀራ የሆነው ሌላው ባሕርዩ ነው፦ ኮዱን ከፍቶ ለአገር እንዲስማማ አድርጎ ማስተካከል መቻሉ።

ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ኦፕን ሶርስ ነው። ጤና ጣቢያዎቻችን ግን የሚሠሩት 13 ወር ባለው አቆጣጠር፣ የበጀት ዓመታቸውም የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የጸናው የዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የቆመውም ሕንድ ባንጋሎር በተጀመረው ሞሲፕ በተባለ ኦፕን ሶርስ ላይ ነው። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይመዘገባል፤ ያውም በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች። ይህን ሁሉ ማስማማት፣ ሰርቨሩን መጠበቅ፣ የወረዳ ባለሙያ ማሠልጠን ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው።

ከዚህም አልፎ ወደ ውጭ የተሸጠ ሙያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው አይኮግ ላብስ ወጣት መሐንዲሶችን ኦፕንኮግ በተባለው ክፍት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮጀክት አሠርቷል፤ በሶፊያ ሮቦት ሶፍትዌር ላይም እጃቸው አለበት።

ጉዳቱን መደበቅ አይገባም። ለነጋዴ የዕቃ መቆጣጠሪያ፣ ለድርጅት ድረ ገጽ ከባዶ እየጻፈ ይኖር የነበረ ሰው ገበያው ጠቧል፤ ዛሬ ኦዱ ወይም ዎርድፕሬስ የተባለ ኦፕን ሶርስ ይጫንና ይስተካከላል። ሥራው ከመጻፍ ወደ ማስማማት ዞሯል፤ ክፉኛ የሚጎዳውም ገና ልምድ የሌለው ጀማሪ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ኦፕን ሶርስ ባይኖር ኖሮ ድርጅቶች ተመሳሳዩን ለመሥራት 8.8 ትሪሊዮን ዶላር ያወጡ እንደነበር ገምተዋል። ከዚህ ዋጋ 96 በመቶው ከኦፕን ሶርስ ፕሮግራመሮች የ5 በመቶዎቹ ብቻ የእጅ ሥራ ነው። ከእነዚያ ጥቂቶች መካከል የሚገኝ ሰው ሥራው በአደባባይ ስለሚታይ ቀጣሪ ራሱ ይፈልገዋል። በዚያው ዓመት የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ሠልጣኞቹን እስከዚህ ድረስ ቢያደርሳቸው ትልቅ ነገር ነው።

መንግሥትም በየጨረታ ሰነዱ ሁለት ነገር ይጻፍ፦ የጥገናው በጀት ለአገር ውስጥ ባለሙያ ይሁን፤ የተስተካከለው ኮድም ወደ ዋናው ፕሮጀክት ከነሠሪው ስም ይመለስ።